ብርቄን ያስገረዝኩ ዕለት

ብርቄ የምላት አሰላ ጓሮዬ ውስጥ ያለችውን የወይን ተክሌን ነው። ቅጠሏ አገር ያስቀናል፤ ፍሬዋ ግን ከሎሚ ይኮመጥጣል። አንድ የግብርና ባለሙያ አያትና፣ «እማማ፣ ካልተገረዘች ጉልበቷን ሁሉ ቅጠሉ ይበላዋል፤ ለፍሬው ምን ይተርፋል?» አለኝ። ግርዛት ክልክል ነው እያሉ በስብሰባ ያደነቆሩን እነሱ፣ ግረዙ የሚሉትም እነሱ! እንዲጣፍጥልኝ ብዬ እሺ አልኩት። በመቀስ መልምሎ መልምሎ ሲሄድ ከተቆረጠው ቦታ ውሃ እንደ እንባ ይንጠባጠብ ጀመር። አንጀቴ አልቻለም፣ ከአጥር ማዶ ላለችው ጎረቤቴ ጮህኩ፦ «አንቺ ዘይነባ፣ ብርቄን አስገረዝኳት! እንባዋ አልቆም አለኝ!» ለካ መንገደኛውም ሰምቷል።

በማግስቱ የቀበሌዋ ሴትዮ ሚሊሻ አስከትላ ደጄ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ግርዛት እንደሚያሳስር ያውቃሉ? የተገረዘችው ልጅ የት ናት?»

«ጓሮ ናት፤ እንዳትወድቅ እንጨት ላይ አስሬያታለሁ።»

ሚሊሻው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ተያይዘን ጓሮ ገባን። ሴትዮዋ ብርቄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ሚሊሻውን ውጭ ጠብቀኝ አለችና ጆሮዬ ሥር መጣች፦ «እማማ፣ የኔም ወይን ቅጠል ብቻ ሆናብኛለች። እባክዎ ገራዡን ይጠቁሙኝ።»

«እኔ ሰው አልጠቁምም!» ብዬ ሸኘኋት።