ባለቤት ያጣው ጃኬት

ውይ የኔ እህት፣ የዛሬው ብርድስ አይጣል ነው! ነይ እስቲ ወንበርሽን ወደኔ ሳብ አድርጊ። በዚህ ብርድ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ሥራ የሚገባ ሰው ይኖራል ብለሽ ታስቢያለሽ? ... ይኖራል እኮ። በተለይ ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር የሆነ ሰው እንዴት እንደሚበርደው! እኔ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነኝ፣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማየት አልችልም።

የሕንጻው ፊልምስ እንዴት እየሄደልሽ ነው? ... ጎሽ። ባንቺ ኮምፒውተር ባንተርፍ ኖሮ፣ ነገ ለሆስፒታሉ ሰዎች ሕንጻቸውን የምናሳያቸው በእጃችን እየጠቆምን ነበር። «እዚህ ጋ በር አለ ብላችሁ አስቡ፣ እዚህ ጋ ደግሞ በሽተኛ ያልፋል» እያልን።

የኔዋማ ሥዕሉን የምታወጣው ግራፊክስ ካርዷ ተጠብሳ ቀረች። አለቃችን ጠዋት «ማን ነካት?» ሲሉ ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር አይደል? አንድ ሰው ብቻ ቀና ብሎ «ኤሌክትሪኩ ነው፣ ሰሞኑን ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አለ። አቤት አንደበት! እኔ ራሴ ኤሌክትሪኩን ልረግመው ምንም አልቀረኝ። «እኔ ትናንት በዚያ ጠረጴዛ በኩል እግሬም አላለፈ» ሲልማ አመንኩት። እግሩ ምን አደረገ? እጁ እንጂ... ውይ፣ ምን ነካኝ! ኤሌክትሪኩ ነው እንጂ።

አለቃችንም ምን ያድርጉ። «ጠረጴዛው ያንቺ ነው፣ እስከ ከሰዓት የነካት ሰው ካልተገኘ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚህ ቤት ጋር አብሬ ያረጀሁት ሴትዮ እንደ ካርዷ ተነቅዬ ልወጣ ነው። ይሁን እስቲ። ለሰው ብዬ ብባረር ጽድቅ ነው... ግን ለማን ብዬ እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።

አንድ ደግ ሰው ባለፈው መጣና «እትዬ፣ ይቺ ኮምፒውተርሽ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ኦቨርክሎክ ላድርግልሽ፣ ፍጥነቷን ብጨምርላት ትበራለች» አለኝ። እኔ አላዋቂዋ «ፊልሙ ይለቅና» አልኩት። ትናንት ለምሳ ወጥቼ ስመለስ ሠርቶልኝ ጠበቀኝ። የዛሬ ሰው ሳይለምኑት ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያለውም አልቀረ፤ መብረሯን በረረች። ማረፏንም ዐረፈች።

እኛ የድሮ ሰዎች እኮ ፈሪዎች ነን። ካርድ ስናፈጥን መጀመሪያ አቧራዋን እናራግፋለን፤ ፋኗ መዞሩን እናያለን። ከዚያ ቅንጣት ታህል እንጨምርላትና ከባድ ሥራ ሰጥተን፣ ሙቀቷን እያየን አጠገቧ ቁጭ እንላለን። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ካመጣች ወይ ቀጥ ካለች፣ አቅሟ እዚህ ድረስ ነው ብለን ደህና ወደነበረችበት እንመልሳታለን። ደህና ከሆነች ደግሞ ሌላ ቅንጣት። ቮልቴጁንማ ማን ደፍሮት! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አሳድገውን ምን እናድርግ?

ደፋር ሰው ግን እንቁላሉን እስኪሄድ አይጠብቅም፣ ይወረውረዋል። ትንሽ ትንሽ ማለት ለትንሽ ሰው ነው እቴ! አንዴ እስከ ጥግ! ሙቀቷንም አላየ። ጨዋ ነው፣ የሰው ገመና አያይም። ሙያ በልብ ነው ሲባል ሰምተሻል መቼም... የአንዳንዱ ሰው ሙያ ከልቡ ወጥቶ አያውቅም።

ደግሞ አዛኝነቱ! ብርድ እንዳይመታት ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት እኮ። ስመለስ ኮምፒውተሬ ጃኬት ለብሳ፣ ሙቀት መውጫዋ ጥርቅም ብሎ ተሸፍኖ ታቃስታለች። በዕድሜዬ ለኔ ጃኬቱን ያወለቀልኝ ወንድ የለም፤ ለኮምፒውተሬ ግን አወለቁላት። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ሽታው ይሁን ደስታው እንጃ።

ይኸውልሽ፣ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት «የማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ «የኔ ነው» የሚል ጠፋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ነበር የማውቀው፤ ጃኬትም ባዳ ሆነ። ጀርባውን አየሽው? የመውጫዋ ቀዳዳ በሙሉ ተርታውን ታትሞበታል። «ንጹሕ ቆዳ ነው፣ ከውጭ ነው ያስመጣሁት» ሲባል አልነበር? ለካ ላስቲክ ኖሯል! ሙቀት ስንቱን ያጋልጣል በይ... ጃኬቱን ማለቴ ነው።

አለቃችን ከምሳ ሲመለሱ በዚያው በር ነው የሚገቡት። «ይሄ ምንድነው?» ካሉኝ «የኤሌክትሪኩ ነው፣ ረስቶት ሄዶ ነው» እላቸዋለሁ። ኤሌክትሪክ ግን ጃኬት ይለብሳል እንዴ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ እስቲ።

ባለቤቱ ተነስቶ ቢወስደው ደስ ይለኛል፤ «የኔ ነው፣ እኔ ነኝ» ብሎ ቢለብሰው እሱም ይሞቀዋል፣ እኔም እንጀራዬ ላይ እቆያለሁ። ማንም አይፈርድበትም። ቆዳ ያለው ሰው ያደርገዋል... ላስቲክ ከሆነ እንጃ።

ያንቺንም «ላፍጥንልሽ» ብሎሻል አሉ፤ እውነት ነው? ... እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚህች ወንበር አልነሳም፣ ምሳዬንም እዚሁ እበላለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔስ አልተናቅኩም፤ አጥሬን ማን ነቀነቀው? ያው አቃጠለው እንጂ።

ውይ! ማነው ያስነጠሰው? ከመስኮቱ በኩል መሰለኝ... ይማርህ! ማንም ይሁን፣ ይማረው። አላልኩሽም፣ ሸሚዝ ብቻውን ጉንፋን ይጠራል። ጃኬቱ እዚያ ተሰቅሎ፣ ሰውዬው እዚህ ሲንዘፈዘፍ... አንጀቴን በላው።

እንደው ፈጣሪ ጉንፋኑን ያቅልልለት። ከጸናበትና ሆስፒታል ከገባም እንደሱ ያለ ሐኪም ያዘጋጅለት። እንደሱ እጁ የማይፈራ፣ ሙቀት ለካሁ ብሎ ጊዜ የማያባክን፣ ቅንጣት ቅንጣት የማያውቅ፣ መድኃኒቱን አንዴ እስከ ጥግ ሰጥቶ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ደርቦለት ለምሳ የሚወጣ ሐኪም! አሜን በይ እንጂ የኔ እህት።