ባልዲውን ማን ገፋው?

የሰፋሁትን ቀሚስ ለደንበኛዬ ላደርስ ደረጃውን ስወርድ፣ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሲወርዱ ደረሱብኝ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። የተዛነፈች ነጥብ ካዩ ምግብ አይበላላቸውም፤ የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ በእርሳስ ሳያርሙ አያልፉም። የሠፈሩ ልጆች "ጋሽ ነጠላ ሰረዝ" የሚል ስም አውጥተውላቸው አጥር ላይ ቢጽፉት፣ አልተቆጡም፤ አንዷን ፊደል አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከኋላቸው ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ደብተሯን ታቅፋ ትከተላለች። ፊቷ ዝናብ ያዘለ ደመና መስሏል።

"ምነው ጋሼ፣ በጠዋቱ እንዲህ አምሮብዎት? ሠርግ አለ እንዴ?" አልኳቸው።

"ምን ሠርግ! ለክርክር ነው የምሄደው። የፊዚክስ አስተማሪዋ ለዚች ልጅ ዜሮ ሰጣት! ዜሮ! እኔ ራሴ ፊደል በፊደል ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ አንድ ጭረት አልጎደለም።"

ለዚህ እኔም ምስክር ነኝ። ማታ ማታ ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ስል፣ ከጣሪያዬ በላይ ልጅቷ የእንቅስቃሴ ሕጎችን በቃሏ ስትወርድ፣ እሳቸውም "ሰረዟ ላይ ትንፋሽ ውሰጂ!" ሲሉ እሰማለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተሰናበትኩት ትምህርት በጣሪያ በኩል ተከትሎኝ መጣ ብዬ ስቄያለሁ።

"ጥያቄው ምን ነበር?" ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት።

"መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ምን ምን ኃይሎች አርፈውበታል? ነው የሚለው፣ እትዬ።"

"አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽ?"

"ሦስቱንም ሕጎች ጻፍኩ" አለች አቀርቅራ። "አስተማሪው 'በሚገባ ተጽፏል፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም' ብሎ መለሰልኝ። ዛሬ ድጋሚ ፈተና አለ። እሱን ያልተፈተነ ለከርሞ ሳይንስ ክፍል አይገባም። አባባ ደግሞ ለፈተናው አትቀመጪም አሉኝ።"

"አዎን፣ አትቀመጥም!" አሉ ሽማግሌው። "ስሕተት የሌለበት ጽሑፍ ምን ተብሎ ዳግመኛ ይታረማል? መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃት።"

ልጅቷ በዓይኗ ተማጸነችኝ። የእኔ መንገድ በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሚያልፍ "በሉ አብረን እንሂድ" አልኩና አውቶቡስ ተሳፈርን።

አውቶቡሱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ስለነበር መተላለፊያው ላይ ቆምን። ከእኛ ኋላ አንድ ደልዳላ ቀለም ቀቢ፣ ልብሱ እንደ ቀስተ ደመና የተዥጎረጎረ፣ ባዶ ባልዲውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ የጣሪያውን ብረት ይዞ ቆሟል። ጋሼ ግን በአንድ እጃቸው የፈተናውን ወረቀት፣ በሌላው መነጽራቸውን ስለያዙ ብረት የሚይዝ እጅ አልተረፋቸውም።

"አባባ፣ ይያዙ እንጂ" አለች ልጅቷ።

"እኔ ቆሜ መሄድ አያቅተኝም! ይልቅ ስሙልኝ፣ ይህ ነው ዜሮ የተሰጠው፦ ማንኛውም አካል፣ ያልተመጣጠነ የውጭ ኃይል ካላረፈበት በስተቀር፣ ቆሞ ከሆነ እንደቆመ፣ በቀጥታ መስመር በወጥ ፍጥነት እየተጓዘ ከሆነም እንደተጓዘ..."

"ይቀጥላል" የምትለዋን ሳይደርሱባት ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። ጋሼ እንደተጓዙ ቀጠሉ። መነጽራቸው ወዲያ፣ ወረቀታቸው ወዲህ ሲሆን፣ እሳቸው እኔ ላይ ተዘረገፉና በያዝኩት የቀሚስ ጥቅል ላይ አረፉ። ደግነቱ ለስላሳ ጨርቅ ነበር።

ቀና ብለው ኮታቸውን ካስተካከሉ በኋላ ወደ ኋላ ዞረው ቀለም ቀቢው ላይ አፈጠጡ። "ምን አደረግኩህ? አባትህ የምሆን ሰውዬ ምን ብለህ ትገፋኛለህ?"

"እኔ?" አለ ቀለም ቀቢው ደንግጦ። "አባቴ፣ ይኸው አንዱ እጄ ብረቱ ላይ ነው፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ! ጣቴንም አላነሳሁ።"

"ታዲያ ጂኒ ነው የገፋኝ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አንዷ ሴትዮ "ትልቅ ሰው ይገፋል እንዴ!" ብላ ገና ሳታጣራ ፈረደች። ያን ጊዜ፣ እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ልጅ ቀና አለች።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሳቸው አልገፉዎትም።"

"አንቺ ደሞ!"

"ባልዲውን ይመልከቱት።"

ሁላችንም ወለሉን አየን። ባዶው ባልዲ ከባለቤቱ እግር ሥር ተንሸራቶ፣ እኛን አልፎ፣ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ሥር ተወትፏል።

"ባልዲውንስ ማን ገፋው?" አለች ልጅቷ።

ጋሼ ከባልዲው ወደ እግራቸው፣ ከእግራቸው ወደ ባልዲው አዩ። ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ፤ ልክ የራሱን ድምፅ ከሬዲዮ እንደሰማ ሰው ነው።

"አውቶቡሱ ሲሄድ እኛም አብረን እየሄድን ነበር" አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ለማለዘብ እየሞከረች። "ሾፌሩ አውቶቡሱን አቆመው፤ እርስዎን ግን ማን ያቁምዎት? ጫማዎትን ወለሉ በሰበቃ ያዘው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰውነትዎ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ብረቱን ቢይዙ ኖሮ እጅዎ ወደ ኋላ ይስብዎት ነበር። 'የውጭ ኃይል' ማለት ይኸው ነው።"

"ይህ ያልሽው በመጽሐፉ የለም" አሉ ጋሼ።

"አለ፣ አባባ። አሁን ያነበቡት እኮ እሱ ነው።"

"እሷ ነፃ አወጣችኝ!" አለ ቀለም ቀቢው እየሳቀ።

ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። "ካለፈ በኋላ ማብራራት ለማንም አያቅትም" አሉ። "የሚመጣውን አስቀድመሽ ንገሪኝና ልመንሽ።"

"እሺ። አሁን አውቶቡሱ ሲነሳ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ከዚያ አደባባዩ ጋ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ግራ።"

"ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወደ ግራ! ምነው ልጄ፣ ጭራሽ ገለበጥሽው እኮ!"

እግራቸውን አንፈራጠው፣ በዚህ ጊዜ ግን ብረቱን በሁለት ጣት ነካ አድርገው ይዘው ጠበቁ። አውቶቡሱ ተነሳ፤ ሁላችንም እንደ ማሽላ ዛላ ወደ ኋላ ተዘናፈልን። አደባባዩ ጋ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ወደ ግራ ዘመመ፤ ፈራጇም ሴትዮ ጭምር። ልጆች የሚጫወቱ ይመስል ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ አስተጋባ። ሾፌሩ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ በመስታወቱ አይቶን "ልድገመው?" አለ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሼ። ዓይናቸው በርቷል። "ሁለተኛው ሕግ፣ የቁስ መጠንና የፍጥነት ለውጥ የሚለውስ? እሱንም እዚሁ ማሳየት ይቻላል?"

ቀለም ቀቢው ጊዜ አላጠፋም። ባልዲውን ጎትቶ አመጣና "ይኸው፣ ባዶውን በእግርዎ ነካ ያድርጉት" አላቸው። ነካ አደረጉት፤ ሽው ብሎ ሄደ። ከዚያ ከቦርሳው ሁለት ጣሳ ቀለም አውጥቶ ባልዲው ውስጥ ከተተና "በዚያው ልክ ይድገሙት" አለ። ባልዲው ትንሽ ሸርተት ብሎ ቆመ።

"ያው ግፊት ነው፤ ቁሱ ሲበዛ ፍጥነቱን መለወጥ ይከብዳል" አለች ልጅቷ።

"እኔን ለመግፋት ደግሞ ሌላ ጡረተኛ ይጨምሩ" አለ ደልዳላው ቀለም ቀቢ።

ጋሼ ይቅርታ ጠየቁት፤ በወጉ፣ ቆብ አንስተው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ "ይህን ሁሉ ታውቂው ነበር?" አሏት።

"ከጓደኛዬ ጋር ኳስና ሳጥን እየገፋን ነበር የከለስነው። እርስዎ ጨዋታ ነው ብለው ከለከሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰረዙ እንዳይጠፋኝ ብቻ ነው የምፈራው። ፈተናው ላይም ጥያቄውን ሳየው የእርስዎ ድምፅ ነው የመጣብኝ።"

ይህ ነገር ጋሼን ከፍሬኑ ይልቅ ገፋቸው። ከወለሉ ያነሱትን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔም የጎረቤት ምላሴን መግታት አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ልብስ ስፌት እንኳ በቃል አይያዝም" አልኳቸው። "የወገብ ልክ አወሳሰድን በቃሏ የምትወርድ ተለማማጅ ነበረችኝ። ጨርቁን ስሰጣት እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፋችው። መቀሱን ካስያዝኳት ወዲህ ግን ይኸው የራሷን ደንበኛ ይዛለች።"

"እኔ እኮ መልካም አስቤ ነው" አሉ።

"ያንንማ ማን ይጠራጠራል? ለልጅቷ ያልዎትን ፍቅር ጣሪያዬ ያውቃል። ብቻ ጽሑፍ ማረምና ልጅ ማስተማር ይለያያል። ጽሑፍ ከዋናው ጋር ሲመሳሰል ያልቃል፤ ልጅ ግን በራሷ አፍ ስታስረዳ ነው የተማረችው።"

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ወጣቱ አስተማሪ ተፈታኞቹን እያስገባ ነበር። ጋሼን ከነኮታቸው ሲያይ ክራቫቱን አጠበቀ።

"ምን ልታዘዝ፣ አባቴ?"

ልጅቷ የኮታቸውን እጅጌ ጎተተች።

"ይቅርታ እንዲጠይቋት ነበር የመጣሁት" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "አሁን ግን የምለምንዎት፣ የምታውቀውን እንድታሳይ ቦታ ይስጧት። የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ዜሮውንም እኔው እወስደዋለሁ።"

አስተማሪው ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተላት። እሷም አያቷን ጉንጫቸውን ስማ እየሮጠች ገባች።

ቀሚሱ እንደሆነ ዘግይቷል፤ ደንበኛዬም ትዕግሥት የላትም። ሆኖም ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም፤ ከጋሼ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እሳቸው በየመሃሉ ተነስተው፣ የገፉት ነገር መልሶ ይገፋል የሚለውን ሦስተኛ ሕግ ሊሞክሩ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይገፉና "ይኸው፣ ይገፋኛል እኮ!" ይላሉ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ደህና መሆናቸውን ጠየቀኝ።

ልጅቷ ስትወጣ ጋሼ ከወንበሩ ብድግ አሉ። "ቃል ዘለልሽ ወይ?" አላሉም። "ምን ጠየቀ?" ነው ያሉት።

"ሰው ጋሪ ሲገፋ ጋሪውም ሰውየውን በእኩል ኃይል የሚገፋው ከሆነ፣ ጋሪው ለምን ይንቀሳቀሳል? ይላል የመጨረሻው።"

"እኩል ከሆነማ አይንቀሳቀስም! ጥያቄው ስሕተት አለበት!"

"የለበትም፣ አባባ። ሁለቱ ግፊቶች አንድ አካል ላይ አላረፉም። አንዱ ያረፈው ጋሪው ላይ ነው፣ ሌላው ሰውየው ላይ። ጋሪው የሚቆጥረው የራሱን ብቻ ነው፤ የሰውየው ግፊት ከጎማው ሰበቃ ከበለጠ ይሄዳል።"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋሪውን ገፉት፤ እጃቸው በአየር ላይ ሲሄድ አየሁት። "እንዲህ ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"እንዲሁ ነው።"

"ከመጽሐፉ ቃል የወሰድሽው አለ?"

"አንድም የለም።"

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ የማይጠፋውን ቀይ እርሳስ አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። "የሚታረም አላገኘሁበትም" አሉ። ልጅቷ ሳቋ አላልቅ ብሏት እስከ ቤት ድረስ ሳቀች።

ውጤቷ ጥሩ ሆነ፤ ሳይንስ ክፍልም ገባች። ግን ከውጤቱ በላይ የሚነገረው ሌላ ነው። ከዚያ ቤት የማታ ማታው ፍርሃት ጠፍቷል። ልጅቷ የማታውቀውን "አላውቅም" ትላለች፤ ሽማግሌውም እንደዚያው፤ ሁለቱም ተነስተው ይፈልጉታል። አያትየው አውቶቡስ ላይ ብረት ይይዛሉ፤ ከባድ ዕቃ ሊያነሱ ሲሉም ቆም ብለው ስለ ወገባቸው ያስባሉ። ልጅ የምታስጠኑ ሁሉ፣ በቃል መያዝ መልካም ነው፤ መጽሐፉን ከዘጋችሁ በኋላ ግን "ይህን ከቤታችን ውስጥ አሳዪኝ" በሏት። ብታሳያችሁ ገብቷታል፤ ካቃታት ደግሞ አብራችሁ ትማራላችሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ጨርቅ ሳሰጣ፣ ከላይ ጋሼ በደረጃው ክፍተት አንገታቸውን አስግገው ጠሩኝ። በአንድ እጃቸው ድንች፣ በሌላው እኔ የሰጠኋቸውን የኮት ቁልፍ ይዘዋል። ልጅቷ ከጎናቸው ሆና አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

"አንቺ ሰፊ! ከባዱ ይቀድማል ወይስ አይቀድምም፣ ከታች ሆነሽ ፍረጂን!"

"ድንቹ ይቀድማላ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል?" አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

ለቀቋቸው። እኩል ደረሱ።

"ድገሙት!" ብዬ ጮህኩ፤ ቁልፉንና ድንቹን ለቅሜም እየሮጥኩ ደረጃውን ወጣሁ።