ወራቤ ላይ የጎደለው የሁለት ቀን ስንቅ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ በለጥሻቸው አየለ ወልዴ
ዕድሜ፦ 52
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባል የሞተባት
ሥራ፦ የስንቅ ንግድ (በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ)
አድራሻ፦ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አብነት አካባቢ
ጉዳዩ፦ የአቶ ይገረም ሀብቴ መጥፋት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡10
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ፍስሐ ገብሬ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ከሁለት ቀን በፊት ጥቅምት 25 ቀን በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ ስለ አቶ ይገረም ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ላይ የደበቅኩት ነገር ስላለ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። በሐሰት ምስክርነት ልጠየቅ እንደምችል መርማሪው አስረድተውኝ ገብቶኛል። ሰውዬው ያሉት ሌላ ቦታ፣ ፖሊስ የሚፈልጋቸው ሌላ ቦታ ነው። ይህንን ይዤ መተኛት አቃተኝ። ያሉበትን ቦታ ገና በበሩ ስገባ ተናግሬ መርማሪው ወደ ሆሳዕና ደውለው አሳውቀዋል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳ ስለተጠየቅኩ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

አቶ ይገረምን ያወቅኳቸው ረቡዕ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ፣ እህል በረንዳ በሚገኘው ሱቄ ነው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ኮፍያ የማይለያቸው ሰው ናቸው። በሶውን ቆንጥረው ቀመሱና አንድ ኪሎው ስንት ስኒ እንደሚወጣው ጠየቁኝ። ሰው ዋጋ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ለስንት ሰው እንደፈለጉት ስጠይቃቸው «ለአንድ ሰው፣ ለአምስት መቶ ኪሎ ሜትር» አሉኝ። እኔም «ውይ ጋሼ፣ መኪና ጠፋ እንዴ?» ብላቸው ሳቁና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

እንደነገሩኝ ከሆነ በሥራ ዘመናቸው የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ወንድ ልጃቸው አቶ ጴጥሮስ የራሱ ቤተሰብ አለው። በወጣትነታቸው ችካል እየተከሉ ያለፉበትን አገር ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በእግር ሊያዩት አስበዋል። ጨጓራ ስላለባቸው የሆቴል ምግብ አይደፍሩም። ጀርባቸው ደግሞ ከአራት ቀን ስንቅ በላይ አይሸከምም። ስለዚህ ስንቁ በየከተማው ቀድሞ ደርሶ እንዲጠብቃቸው ፈለጉ። ለእኛ ለመርካቶ ሰዎች ይህ ከባድ አይደለም። ዕቃው በማዳበሪያ ይሰፋል፣ ስምና ስልክ በማርከር ይጻፍበታል፣ መናኸሪያ ሄዶ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፣ ታርጋው ለተቀባዩ በስልክ ይነገራል፣ በቃ።

እስከ ጥቅምት 8 ቀን ድረስ ስድስት ጊዜ መጥተው አብረን አስልተናል። ለአንድ ቀን ጠዋት በሶ ሁለት ስኒ፣ ቀን ዳቦ ቆሎ ከለውዝ ጋር ሦስት እፍኝ፣ ማታ መዳፍ የሚያህል ጭኮ ብለን ወሰንን። በርበሬ የሚባል ነገር የለበትም። የእያንዳንዱ ቀን ስንቅ ለብቻው በፌስታል ታስሮ የቀኑ ስም ይጻፍበታል። ረቡዕና አርብ ይጾማሉና የእነዚያ ቀናት ጭኮ በዘይት የተለወሰ ነው። ከሶዶ በኋላ ሙቀት ስለሆነ የቅቤው ጭኮ ይቀልጣል ብዬ በምትኩ ድርቆሽ አዘጋጀሁ። እሳቸውም «አንቺ ያኔ እኛ ጋ ብትኖሪ ሠራተኛው ባልተራበ» አሉኝ። ይህንን ለምን እንዳስጻፍኩ አላውቅም፤ ብቻ ብለውኛል።

ዝምድናችን ምን እንደሆነ ተጠይቄ፣ ዝምድና የለንም፣ ደንበኛዬ ናቸው ብያለሁ። ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ልጄ ጅማ አግብታ በበዓል በበዓል ትደውላለች፣ እግዜር ይስጣት። ቀን ቀን ሱቅ ስለሆንኩ ከሰው ጋር ስለፈልፍ ነው የምውለው። ማታ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ለማየት ሳይሆን ድምፅ እንዲኖር ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው መርማሪው ጠይቀውኛል። ያገናኘዋል።

አቶ ይገረም ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀመሩ። ስምምነታችን ስንቁን በተረከቡ ቁጥር ደውለው «ደረሰኝ» እንዲሉኝ ነበር። ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን፣ ከምሽቱ 12፡15 ላይ ከጢያ ደወሉ። «ደረሰኝ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አወራን። ከመልካ ቁንጡሬ ጀምሮ ስለተከተላቸው ውሻ ነገሩኝ። ከዚያ «አንቺስ፣ ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን የመጨረሻ ሰው ላስታውስ ብሞክር አቃተኝ። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን ከቡታጅራ ደግሞ ሃያ ስድስት ደቂቃ አወሩኝ። ስልኩ ላይ ተጽፎ ስለሚቀር ነው የማውቀው፤ መርማሪውም አይተውታል።

ከጎኔ የምትሸጠው ጓደኛዬ ወ/ሮ ሀጅራ ያን ሰሞን ትቀልድብኝ ነበር። «በለጡ፣ ስልኩ ሲጮህ ሻሽሽን ታስተካክያለሽ እኮ! በስልክ አይታይም!» ትለኛለች። እኔም «አንቺ ዘይትሽን ሽጪ» እላታለሁ። ቀልድ ነበር፤ ግን ለኋላው አሳፈረኝ።

አሁን ወደ ደበቅኩት ነገር እመጣለሁ። ከወራቤ እስከ ሆሳዕና አቶ ይገረም በአስፋልቱ አይሄዱም፤ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ ድሮ በቀየሱት የበቅሎ መንገድ አራት ቀን ይሄዳሉ ተብሎ ነው የታቀደው። አራት ቀን ማለት ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ስልክ የለም ማለት ነው። እኔ ገና ስናቅድ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው ፎንቆ በምትባል ከተማ አንድ ማዳበሪያ እናስቀምጥ ብዬ ነበር። እሳቸው «እኔ በደጋ፣ ስንቄ በቆላ? ምን ሊያደርግልኝ!» ብለው በእስክሪብቶ ሰረዙት። መንገዱንና ማደሪያዎቹን የሳሉበት፣ ፎንቆንም የሰረዙበት ካኪ ወረቀት እኔ ጋ ቀርቷል። ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን ጠዋት የወራቤውን ስንቅ ስሰፋ ግን አራቱን ቀን ለሁለት ከፈልኩት። የረቡዕንና የሐሙስን ወደ ወራቤ፣ የሀጅራ ወንድም አቶ ባህረዲን ሱቅ ላክሁ። የአርብንና የቅዳሜን ወደ ፎንቆ፣ የማውቃት ሴት ሻይ ቤት ላክሁ። ለሸክማቸው አዝኜ አይደለም። የሁለት ቀን ብቻ ካገኙ በግድ ወደ ፎንቆ ይወርዳሉ፣ ከፎንቆ ይደውላሉ፣ አራት ቀን ዝም የሚለው ስልኬ በሁለት ቀኑ ይጮሃል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን፣ ከምሽቱ 12፡20 ላይ ከወራቤ ደወሉ። «ደረሰኝ» አላሉም። «ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ይሄ አራት ቀን ነው?» አሉኝ። «ሸክም እንዳይበዛብዎት ብዬ ነው ጋሽ ይገረም፤ ቀሪው ፎንቆ ይጠብቅዎታል» አልኩ። «ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ጨዋታ ላይ አይደለሁም። ፎንቆ የሚባል ቦታ አልሄድም» ብለው ዘጉት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሱም። ማታውን ጭራሽ ስልካቸው ጠፋ። በማግስቱ ሲነጋጋ ብቻቸውን መውጣታቸውን አቶ ባህረዲን ነግሮናል፤ በየት እንደሄዱ እሱ አያውቅም።

ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን ሆሳዕና መድረስ ነበረባቸው። የሆሳዕናውን ስንቅ የሚያነሳ ሰው አልመጣም። ተቀይመውኝ ነው ብዬ እሑድን ዝም አልኩ፣ ሰኞንም ዝም አልኩ። ማክሰኞ ልጃቸው አቶ ጴጥሮስ ከፖሊስ ጋር ሱቄ መጥተው ወደዚህ ስመጣ፣ በየት በኩል እንደሄዱ ተጠየቅኩ። በፎንቆ ብዬ መለስኩ፤ ፎንቆ የተጻፈበትን፣ በእጄ ገልብጬ ያዘጋጀሁትን ዝርዝርም ሰጠሁ። ለምን እንደዋሸሁ ተጠይቄ ይህን ብያለሁ፦ ፎንቆ አይሄዱም ካልኩ «እንዴት አወቅሽ?» እባላለሁ። እንዴት እንዳወቅኩ ከተናገርኩ ስንቁን መክፈሌ ይወጣል። «ለምን ከፈልሽ?» ስባል፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ልጃቸው ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ምን ልበል? ደግሞም እልሃቸው በርዶላቸው ፎንቆ ወርደው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ትናንት ግን የሻይ ቤቷ ሴት ደውላ «ዕቃሽ እንደተሰፋ ነው፤ ፖሊሶቹ ግን እዚህ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመስኩም።

ቦታውን እንዴት እንዳወቅኩ ተጠይቄ፣ በስንቁ ነው ብያለሁ። አቶ ይገረም በልክ የሚበሉ ሰው ናቸው፤ የረቡዕን ፌስታል ረቡዕ፣ የሐሙስን ሐሙስ ይጨርሳሉ። ለነገ ብለው አይቆጥቡም፣ ከሰው ቤት ገብተውም አይለምኑም። ስለዚህ አርብ ጥቅምት 21 ቀን ጠዋት እጃቸው ላይ ምንም አልነበረም። ካኪው ወረቀት ላይ እንደሚታየው ሁለተኛው ማደሪያ ከአንድ ወንዝ በላይ ነው። ከዚያ ወደ አስፋልቱ የምትወርድ አንዲት ቁልቁለት አለች። ሲስሏት «ይህቺን ፍየል ትውረድባት» ብለው ስቀው ነበር። ስንቅ ቢኖራቸው አይወርዱባትም፤ ሽቅብ ነው የሚቀጥሉት። ስንቅ ከሌላቸው ግን ሌላ መንገድ የላቸውም። በአስፋልቱ ሳይሆን ከሁለተኛው ማደሪያ ወደ ታች ይፈለግ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከጠዋቱ 5፡40 ላይ ቃሌ ተቋርጦ፣ መልስ ሲመጣ እንደምጠራ ተነግሮኝ ተሰናብቻለሁ።

አርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡30 ላይ የቀጠለ

አቶ ይገረም ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ በሕይወት መገኘታቸውን መርማሪው ነግረውኛል። በተባለው ቁልቁለት አርብ ዕለት አንሸራትቷቸው የቀኝ እግራቸው ተሰብሯል። ስልካቸው ወንዝ ገብቷል፤ የማንንም ቁጥር በቃላቸው አያውቁም። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አግኝተዋቸው አንድ ገበሬ ቤት ተኝተው ነበር። አፋልጉኝ የሚለው ፎቶግራፍ ግን በአስፋልቱ ዳር ብቻ ነበር የተለጠፈው፤ ያም በእኔ ቃል ምክንያት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቤቱን ቆጮና ጎመን ሲመገቡ ጨጓራቸው ምንም እንዳላላቸው ለፖሊሶቹ እየሳቁ ነግረዋቸዋል። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ተጠይቄ፣ ደስ ስላለኝ ነው ብያለሁ። ደስ ብሎኛልም።

ለእኔ የላኩት መልእክት እንዳለ ጠይቄ መርማሪው በስልክ የሰሙትን ነግረውኛል። «ስንቁ አነሰ እንጂ አልተበላሸም በሏት» ብለዋል። ሌላ ነገር ብለው እንደሆነ ጠይቄ፣ እንዳላሉ ተነግሮኛል። የሚታከሙበትን ሆስፒታል ጠይቄ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ከልጃቸው እንድጠይቅ ተነግሮኛል። ልጃቸው በእኔ ላይ ክስ እንደማይፈልጉ፣ ነገር ግን ከእንግዲህ አባታቸውን እንዳላገኝ መፈለጋቸውን መርማሪው አንብበውልኛል። ተቀብያለሁ። ለቀሪው መንገድ አረካና ሶዶ የተቀመጡት ማዳበሪያዎች እንዲመለሱ አልፈልግም፤ የያዟቸው ሰዎች ፈትተው ይብሏቸው።

የማክሰኞው ቃሌ ተቀዶ እንዲጣልልኝ ብለምንም፣ ሁለቱም ከመዝገቡ ጋር እንደሚያያዙ ተገልጾልኛል። የማክሰኞው ሐሰት መሆኑን፣ የአሁኑ ግን ማንም ሳያስገድደኝ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ የሰጠሁት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ሰውየው ስለተገኙ መዝገቡ እንደሚዘጋና በዚህ ጉዳይ ዳግም እንደማልጠራ መርማሪው ነግረውኛል። ቢሆንም ምናልባት ብፈለግ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሱቄ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ እንደምገኝ፣ በተጠራሁበት ሰዓት ሁሉ እንደምመጣ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል። ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲነበብልኝ ሰምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ በለጥሻቸው አየለ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ፍስሐ ገብሬ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡25