የባሮው መርማሪ

እኔ ከጽሑፌ አንዲት ነጥብ የማላስነካ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ጋምቤላ መሠረተ ትምህርት ሳስተምርማ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። በፈረንጅ ልብ ወለድ ዓለም ያወቀውን፣ ፒፓ እያጨሰ በአጉሊ መነጽር ወንጀለኛ የሚያድነውን መርማሪ ወስጄ የጋምቤላ ሰው አደረግኩት። ካፖርቱን አስወለቅኩት፣ መነጽሩን ቀማሁት፣ በባሮ ዳር አሸዋ ላይ ዱካ እያየ የተሰረቀ ጀልባ እንዲፈልግ ላክሁት። ኮርቼበታለሁ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ሊጎበኘን መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። ጀልባው የጠፋበት ሰውዬ ሲንጨረጨር በሳቅ ፈረሱ። «ከዚያ መርማሪው መጣ» ስል ግን ኦጁሉ የሚባሉት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እጃቸውን አወጡ።

«ቲቸር፣ ይሄ መርማሪ ማንን ይገርፋል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ሊቀመንበሩን አየ። እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔን ላብ አጠመቀኝ፤ ግን ታሪኬን አሳልፌ አልሰጥም።

«ማንንም አይገርፍም፣ አባባ። ዱካ ያያል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ያስባል።»

«ሳይገርፍ ሌባውን አገኘ?»

«አዎ፣ አገኘ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው መርማሪ አትበለው። ጥሩ ሰው ነው፤ ስሙን አታጥፋ።»

እዚያው እስክሪብቶዬን አውጥቼ «መርማሪ» የሚለውን ሰረዝኩት።