የወይኒን መብት ማን ይቅር ይላል?

የፈተና ወረቀት ላባዛ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመው ነበር። የታጠፈ ወረቀት ዘረጉና፣

«ሦስት አድርጊልኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ።

ማሽኑ ጋ የቆመችው ሳሊና የሕግ ምሩቅ ናት፤ ሥራ እስክታገኝ እዚያ ኮፒ ታደርጋለች። ሽማግሌው የሰፈሯ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ልታኖር ስትል ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ።

«አቦይ ኣረፋይነ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«አስታራቂ ሽማግሌዎች። ነገ እፈርማለሁ፤ ምራቴ ፍሬወይኒም ትፈርማለች።»

«‹እኔ፣ ምራቴና የልጅ ልጄ ወይኒ በመኪናው ባለቤት ላይ ከእንግዲህ ምንም የካሳ ጥያቄ የለንም› ይላል። አንብበውታል?»

«ዕርቅ ነው፤ ዕርቅ ምኑ ይነበባል?»

ልጃቸውን ኤልሳዕን፣ አናጢውን፣ ጠጠር የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገጭቶ የገደለው ከሃያ ሁለት ወር በፊት ነው። መካኒኩ «ፍሬኑ ይቀየር» ብሎ ለባለቤቱ ነግሮት እንደነበር በሹፌሩ የወንጀል ክስ ችሎት ፊት መስክሯል።

«ባለመኪናው ማኅበርተኛዬ ነው» አሉ አቦይ ኣረፋይነ። «አሥራ አራት ዓመት ሚካኤልን አብረን ጠጥተናል። ነገ ተረኛው እኔ ነኝ፤ ቤቴ ይመጣል። ፅዋ የሚጋራ ሰው ይካሰሳል?»

«ፍሬኑ ይቀየር ሲባል ‹አንድ ወር ይሥራበት› ያለ ጊዜ ፅዋው ትዝ ብሎት ነበር?»

ሽማግሌው ወለሉን በከዘራቸው መቱት። «አፍሽን ያዢ! የልጄን ደም ሸጬ ልብላ? ሹፌሩ ታስሯል፤ አለቀ!»

«ያ የመንግሥት ክስ ነው። ሹፌሩ ስለታሰረ ወይኒ እራት አትበላም። ካሳ የደም ዋጋ አይደለም፣ አቦይ። ኤልሳዕ ቢኖር ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ ለእርስዎም ያደርግ የነበረውን ነው ሕጉ አጥፊውን የሚያስከፍለው። ሽማግሌዎቹ ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ?»

«መጀመሪያ ከአርባው በኋላ አሉ። ቀጥሎ ከፋሲካ በኋላ፣ ከዚያ ከሙት ዓመቱ በኋላ። ቀን የሚለምነው ባለመኪናው ነው።»

የሳሊና ፊት ቀላ። «ለእንዲህ ያለ ክስ ሕጉ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ የቀረዎት ሁለት ወር ብቻ። ወንጀል ስላለበት ይረዝማል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ‹አሉ› ብዬ የሕፃን ጉሮሮ አላስይዝም። ሰውዬው ቀን ሲለምን ቀን እየቆጠረ ነበር!»

እኔም ደሜ ፈላ። ጨዋነታችን ለበደለኛ መደበቂያ ሲሆን ስንት ጊዜ አይተን ዝም ብለናል!

አቦይ ኣረፋይነ ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። «ይቅር ብዬዋለሁ እኮ። ቃሌን ልጠፍ?»

«አይጠፉ። ሐዘኑ የእርስዎ ነው፤ ይቅር ይበሉ። የአራት ዓመቷን ልጅ ግን ማን ጠየቃት? የሕፃን መብት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እናትም አያትም አይተውም።»

«ኤልሳዕ ሲሞት» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ፣ «የወይኒ ጫማ ሃያ ሁለት ቁጥር ነበር። አሁን እግሯ ሃያ ስድስት ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ጣቷ ቀዶ ሲወጣ እናቷ የጫማውን አፍንጫ ቆርጣ ነጠላ ጫማ አደረገችው።» ቀና አሉ። «እሺ፤ ምን ላድርግ? ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም።»

«ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር አለ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለም በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ያመለክታል። የሞት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹን፣ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት ይያዙ። ኤልሳዕን ያሠሩት የነበሩ ሰዎች ገቢውን ይመሰክራሉ። ብሩ እሱን አይመልሰውም፤ ወይኒን ግን ትምህርት ቤት ያቆያታል። ሌላውም ባለመኪና ፍሬን ከካሳ እንደሚረክስ ይማራል።»

ሽማግሌው የሽማግሌዎቹን ወረቀት አራት ቦታ ቀደዱት። ባዶ ወረቀት ተቀብለው ጻፉ፦ «እኔ ኣረፋይነ ቂም የለኝም። የወይኒ ነገር የፍርድ ቤት ነው።»

«ነገስ ሰውዬው ሲመጣ?» አልኩ፣ እስከዚያ ያልተናገርኩት ሰው።

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ይምጣ። ፅዋውን ከእጄ ይቀበላል፤ መጥሪያውን ደግሞ ከፍርድ ቤት።»