ሁለት ዓይን ባንድ ጉንጭ

በእኛ ጊዜ፣ ስማኝ ከማል፣ እንዲህ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አናውቅም፤ ክሩን በእጅህ ትይዛለህ፣ በቃ። አንተ ጅቡቲ ለዕቃ ስትወርድ ባሕር ዳር ቆመህ ዓሣ መያዝ አምሮሃል፣ ጥሩ ነው፣ ይቅናህ። ግን ይሄን መንጠቆ ከየት አመጣኸው? ከምናለሽ ተራ? ገብቶኛል። ምን ልትይዝበት ነው? ግመል? አትሳቅ! እኔም የዚህን ታላቅ ወንድም ገዝቼ አሰብ ወርጄ ነበር። ሠዓዳ፣ ልጄ፣ በርጩማውን አቀብዪው ይቀመጥ፤ በዚህ ዝናብ እንኳን ገዢ ዝንብም አይመጣ፤ ልንገረው።

ታዲያ ያኔ እዚሁ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ወደባችንም አሰብ ነው፣ ባለቤቴ ዘይነባም የአሰብ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ ወርደው እዚያ የቀሩ ናቸው። እና ልጅ አልጸና ብሎን ነበር። የመጀመሪያው ወረደ፣ ሁለተኛውም ወረደ። በሦስተኛው ምግብ እምቢ አላት። ገንፎ ሲሉ ታስመልሳለች፣ ሾርባ ሲሉ ታስመልሳለች፣ ውሃ እንኳ አልረጋ አላት። ሐኪሙ ደግሞ እኔን ወደ ጎን ወስዶ፣ «አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ካልቆየ ለሁለቱም ያሰጋል» አለኝ። እና እቤት ገብቼ፣ «ዘይነባ፣ በአላህ፣ ምን አማረሽ? ሰማይ ላይም ቢሆን አወርደዋለሁ» አልኳት። ሰማይ ላይ አልነበረም። «እናቴ ከአሸዋው ላይ የምትይዘው ጠፍጣፋ ዓሣ» አለች። ያረገዘች ሴት አምሮት ቀልድ አይደለም፣ ታውቃለህ። መኪና ያናውጣታል ብዬ በአውሮፕላን ይዣት ወረድኩ።

እሺ፣ ወረድን። ለካ ኃይለኛ ንፋስ ገብቶ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ቆመዋል። ገበያው ውስጥ የዓሣ ሽታ እንጂ ዓሣ የለም። እናቷ እማማ ሐሊማ ደግሞ ጉልበታቸውን ታመው ውሃ ውስጥ መቆም ትተዋል። ታዲያ ማን ቀረ? እኔ! ዓሣ ከተጠበሰ በኋላ ብቻ የማውቅ የመርካቶ ሰው።

አሁን ሌላ ጣጣ ልንገርህ። በእነሱ ቤት አማት ከአማቿ ጋር ፊት ለፊት አታወራም፣ ነውር ነው። ታዲያ እማማ ሐሊማ ምን ያደርጋሉ፣ አንዲት ነጭ ፍየል አለቻቸው፣ ለእኔ የሚሉትን ሁሉ ለፍየሏ ይነግሯታል። ምሳ ሲደርስ፣ «አንቺ ፍየል፣ ምሳ ቀርቧል፣ የራበው ሰው እጁን ይታጠብ።» እኔም እታጠባለሁ። ፍየሏ ታየኛለች፣ እኔ ፍየሏን አያታለሁ። ከተጋባን ወዲህ ስንት ጊዜ አሰብ ተመላልሻለሁ፣ እማማ ሐሊማ አንድ ቀን ስሜን ጠርተው አያውቁም።

እና በመጀመሪያው ቀን ከመርካቶ ያመጣሁትን ዕቃ ዘረገፍኩ። መንጠቆው እንደዚህ የአንተው፣ ክሩ ጆንያ የሚሰፋበት ሲባጎ፣ ክብደት እንዲሆን ደግሞ የከባድ መኪና ጎማ ማሰሪያ ዳዶ። መርካቶ ምን ትላለህ? ወፍራም አይበጠስም፣ ትልቅ አያሳፍርም ትላለህ። ለማጥመጃም ሥጋ ቤት ሄጄ ምርጥ ጮማ አስቆረጥኩ። እኔ የምወደውን ዓሣው ለምን ይጠላል ብዬ! ጉብታ ንፋሱን የሚጋርደው አንድ አሸዋማ ዳርቻ አለ፣ እዚያ ሄጄ ወረወርኩት። ዳዶው ሲወድቅ ድምፁ እንደ ግንብ መፍረስ ነው። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ስስበው ጮማው የለም፣ መንጠቆው ላይ አንድ ሸርጣን ተንጠልጥሏል። ደግሞም ያ ሸርጣን አልተያዘም፤ በልቶ ጠግቦ ሊሸኘኝ የመጣ ነው የሚመስለው።

ባዶ እጄን ስገባ ዘይነባ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ክንዷ ቀጥኖ አምባሯ ክርኗ ድረስ ይንሸራተታል። «አገኘህ?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። 

ታዲያ እማማ ሐሊማ በረንዳው ላይ ሆነው፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብለው፣ «አንቺ ፍየል፣» አሉ፣ «የራሱ አፍ ሰፊ የሆነ ሰው የዓሣውም አፍ ሰፊ ይመስለዋል። ጠፍጣፋው ዓሣ አፉ ይቺን ታክላለች» አሉና የትንሿ ጣታቸውን ጥፍር ለፍየሏ አሳዩ። «ክሩም ወፍራም ሲሆን ያየዋል። ደግሞስ ዓሣ ጮማ የት ያውቃል? ሰርግ ተጠርቶ ነው? ጠዋት ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የተጠቀለለ ትል የመሰለ ክምር ይታያል፤ እሱ ሥር ቢቆፈር ትሉ ይወጣል።» ከዚያ ከአልጋ ሥር የቆየ ጣሳ አውጥተው ፍየሏ ፊት አስቀመጡ። ፍየሏ አሸተተችና ተወችው፣ እኔ አነሳሁት። ውስጡ ቀጭን የናይለን ክርና እንደ ስፌት መርፌ ያሉ ትንንሽ መንጠቆዎች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ሸሽቶ ሳለ ቆፈርኩ። ከማል ሙት፣ በአሥር ጣቴ ቆፈርኩ። ትሉ ቀይ ነው፣ ጠጉራም ነው፣ ሲይዙት ይላወሳል። እኔ ያኔ ጥፍሬ ላይ ግራሶ እንኳ ሲነካኝ የምጸየፍ ባለሱቅ ነበርኩ፣ ግራሶ እየሸጥኩ! ዓይኔን ጨፍኜ ሰካሁት። ለክብደትም ከአንድ ሾፌር የብስክሌት ዳዶ የምታህል ትንሽ ዳዶ ለመንኩ። እማማ ሐሊማ በርጩማቸውንና ፍየላቸውን ይዘው ከኋላዬ ደረቁ ላይ ተቀምጠዋል።

ያለኝን ጉልበት አሰባስቤ ወረወርኩ። «አንቺ ፍየል፣» አሉ፣ «ትሉን የመን የላከው ለዘመድ ነው? ዓሣው እኮ እግሩ ሥር አሸዋ ለብሶ ተኝቷል። ውሃው ሲመለስ እሱም ተከትሎ ዳር ይመጣል።» አቅርቤ ወረወርኩ። «አንቺ ፍየል፣ ዝም ብሎ እንዲቆም ማን አለው? ቀስ አድርጎ ይጎትተው፣ አሸዋው ትንሽ ይጭስ፤ ዓሣው ጭሱን አይቶ ነው የሚነሳው።» ጎተትኩ። ነካ ነካ አደረገኝ። ልመነጭቀው ስል፣ «አይ ፍየል! አይ ፍየል! ይዋጥ እንጂ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚውጠው!» ጠበቅሁ። ከዚያ ክሩ ከበደ፣ ሳብኩት፣ መጣ።

አሁን ነው ጉዱ። አነሳሁት፣ አገላበጥኩት። በአንድ በኩል የአሸዋ መልክ፣ በሌላው በኩል ወረቀት የመሰለ ነጭ። አፉ ጠማማ። ዓይኖቹ ደግሞ ሁለቱም ባንድ ጉንጭ! ጎን ለጎን! በሌላው ጉንጭ ምንም የለም! እኔ ዘይነባ ጠፍጣፋ ስትለኝ እንደ ማንኛውም ዓሣ ሆኖ ትንሽ የተጫነው መስሎኝ እንጂ እንዲህ ያለ ፍጥረት መቼ አስቤ! መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ዕቃ ገልብጬ አይቼ ጉድለት ያለውን እመልሳለሁ። ይሄ ጉድለት ብቻ አይደለም፣ አደጋ ነው አልኩ። ያረገዘች ሴት የበላችው፣ ያየችው ሁሉ ፅንሱ ላይ ያርፋል እያሉ ነው ያሳደጉን። ሁለት ሄደውብኝ ሦስተኛው ሁለት ዓይን ባንድ ጉንጭ ይዞ ይውጣ? ቢስሚላህ ብዬ፣ መንጠቆውን ነቅዬ፣ ወደ ባሕሩ መለስኩት።

«አንተ ሰይድ!!»

ዞርኩ። እማማ ሐሊማ ናቸው። በታመመ ጉልበታቸው ቆመዋል። ፍየሏ ደንግጣ ገመዷን በጥሳ ሮጣለች። «አንተ ሰይድ! ምን ሆንክ? አበድክ? ልጄ ታልቅብህ? የያዝከውን ትለቃለህ?»

እኔን ከዓሣው መመለስ ይልቅ የገረመኝ ስሜን መጥራታቸው ነው። «እማማ፣» አልኩ፣ «አካል ጉዳተኛ ነበር። ዓይኑ... ለፅንሱ ፈርቼ...»

 ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ ልጄ አሉኝ! «ዕድሜውን ሙሉ በጎኑ ተኝቶ ወደ ላይ የሚያይ ፍጥረት፣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓይን ምን ያደርግለታል? አላህ ወደ ላይ አመጣለት። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ዘይነባን ሳረግዝ ከዚህ ሌላ አልበላሁም። የእሷ ዓይን የት ነው ያለው?»

 የዘይነባ ዓይን የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ ያገባሁት እሱን አይቼ ነው።

እና አንድ ትል ቀርቶኛል። ውሃው ወገቤ ሊደርስ ነው። እማማ ሐሊማ አሁን ፍየልም የላቸው፣ «አቅርበው፣ ሰይድ! ጎትተው! ይዋጥ! ይዋጥ እንጂ!» እያሉ ነው። ተመልሶ መጣ፣ ያው ይሁን ወንድሙ እንጃ፣ መንጠቆው ሲጎትተው እንደ ትሪ ወደ ላይ ተነሳ። እንዳያመልጠኝ እስከ ቤት በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌው ሄድኩ።

እማማ ሐሊማ በከሰል ጠበሱት፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ይዘውላት ገቡ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። የማስመለሷን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ እሱን ነው የምጠብቀው። ጸጥ። ትንሽ ቆይቶ ጣት ሲላስ ሰማሁ። ጸጥ። ከዚያ ሳህን ሲፋቅ። ከዚያ ዘይነባ፣ «ሌላ የለም?» አለች።

ከማል፣ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ከፍየሏ ጋር ተያየን፣ ተመልሳ መጥታለች። እማማ ሐሊማ ባዶውን ሳህን ይዘው ወጡና ፍየሏን እንኳ ሳያዩ፣ «ሰይድ፣ ነገም ትወርዳለህ» አሉኝ። ወረድኩ። ከነገ ወዲያም ወረድኩ። ዘይነባ ከዓሣው ወደ ሩዝ፣ ከሩዙ ወደ እንጀራ አለፈች፣ አምባሯም ቦታው ተመለሰ። ፍየሏም ከዚያ ወዲያ ወሬ ሳትሰማ አረጀች።

ልጅቱ ስትወለድ አዋላጇ፣ «ሴት ናት» አለችኝ። «እሱን ተይው፣» አልኳት፣ «ወደ መብራት አምጪልኝ!» አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። አልሐምዱሊላህ!

አዎ፣ ይህችው ናት፣ ሠዓዳ። አሁን አንተ ያንን ሜንጦ ለሥጋ ቤት ስጠው፣ ሥጋ ይስቀልበት፤ ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ ይዘህ ውረድ። ባሕር ዳር ትል ቆፍር፣ ቅርብ ወርውር።

«ጋሼ፣» አለ ከማል፣ መንጠቆውን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ «ከያዝኩ የመጀመሪያውን አድርቄ ለሠዓዳ አመጣለሁ።»

«ኧረ ተወኝ!» አለች ሠዓዳ ከመደርደሪያው ኋላ አፍንጫዋን ይዛ። «እኔ ዓሣ ገና ሲሸተኝ ነው የምዞረው።»

«ዙሪ፣ ልጄ፣» አሉ ጋሼ ሰይድ፣ «በፈለግሽው በኩል ዙሪ። ዓይንሽ ግራና ቀኝ ይሁን እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ!»