የአያ የሺዋስ ኮምጣጣ ማሳ

ስለ መንደራችን ትምህርት ቤት በአንድ ጠዋት ሁለት ወሬ ሰማሁ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቤት ነው። አያ የሺዋስ እንዲህ አሉኝ፦ «የሳይንስ መምህርት ተብላ የመጣችው ልጅ መጽሐፍ መግለጥ ትታለች። ልጆቻችንን በየቤቱ እየላከች አመድ ታሳፍሳለች። ትምህርት የሚባል ነገር ከዚያ ግቢ ጠፍቷል።» የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ዜማ ደግሞ፦ «ሳይንስ የተማርነው ገና ዘንድሮ ነው። እስከ አምና ስንሸመድድ ነበር» አለችኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ተምሬ እዚያው ሥራ ይዣለሁ። ወላጆቼን ጠይቄ ልመለስ ስነሣ ነው ይህን የሰማሁት። እርሳቸውን ከልጅነቴ፣ እርሷን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም ውሸታም ለማለት አልደፈርሁም።

መንደራችን በሁለት ወንዞች መካከል ናት። ክረምት ሲጠና ከይጁቤ ገበያም ከደብረ ማርቆስም ተቆርጠን እንከርማለን፤ ስለዚህ የወዲያ ማዶ ሰዎች «ደሴቶች» ይሉናል። ጊዜው የሰኔ መግቢያ ነበር። ሌሊት በጣለው ዝናብ ትልቁ ወንዝ ሞልቷል፤ ስደርስ አያ የሺዋስ ከዜማና ከአህያቸው ጋር ዳር ላይ ቆመው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ጥቂት ራቅ ብላ የሳይንሷ መምህርት ሕሊና ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እርሷ የደምበጫ ልጅ ናት።

«እንዴት አደሩ፣ አያ የሺዋስ?» አለች፣ ብድግ ብላ እጅ እየነሣች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ አመድ የለም እንዴ?»

«ዛሬማ ቅዳሜ ነው!» ብላ ሳቀች።

«እኔስ አልሳቅሁም፣ ልጄ። በአገራችን ደግ ሠርቶ ውለታው የማይመለስለት ሰው ‹እጄ አመድ አፋሽ ነው› ብሎ ያለቅሳል። አንቺ ይህን በልጅ እጅ ታስይዣለሽ። ዜማን የላክኋት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንድታልፍ ነው። ፈተናው ላይ አመድ ይመጣል?»

ጥያቄው ተገቢ መሰለኝ። አያት ለልጅ ልጁ ከዚህ ሌላ ምን ይጨነቃል?

«ስሙን ለውጦ ይመጣል፤ አሲድና ቤዝ ይሉታል» አለች መምህርቷ። «ዜማ፣ አምና አሲድ ምን ነበር?»

ዜማ እንደ ዳዊት ደጋሚ ዐይኗን ጨፍና አወረደችው፦ «አሲድ ማለት ሰማያዊ ሊትመስን ወደ ቀይ የሚቀይር ነው።»

«ሊትመስስ?»

«አምናማ እንስሳ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ነው።»

አያ የሺዋስ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አጠበቁ። «እሺ፣ እንስሳ አይደለም። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ይጁቤ የምወርደው የባሕር ዛፍ ችግኝ ልገዛ ነው። ይህን ማሳ ታያለህ፣ ደምለው?» ብለው ከኋላችን ያለውን መሬት በዱላቸው አሳዩኝ። «የገብስ እናት ነበር። አሁን የዘሩበትን እንኳ አይመልስም። ማዳበሪያውን ጨመርሁ፣ እምቢ አለ። ደክሟል። ባሕር ዛፍ ተክዬበት ልገላገል።»

«ወንዙ ሲሞላ ባሕር ዛፍ ይበላል፣ አባባ?» አለች ዜማ።

«ዝም በይ አንቺ!»

መምህርት ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መሬቱ የደከመ ሳይሆን የኮመጠጠ፣ አሲድ የበዛበት ቢሆንስ?» አለች። «ዝናብ የበዛበት የደጋ አፈር እየታጠበ ይኮመጥጣል። ሲኮመጥጥ ማዳበሪያውን ለቡቃያው አይሰጠውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ መኪና ግን ይህን ወንዝ አይሻገርልንም። በየምድጃችን ያለው አመድ የኖራ ታናሽ ወንድም ነው። ልጆቹ ዘንድሮ በበጋ በትምህርት ቤቱ የጓሮ መደቦች ላይ ውሃ እያጠጡ ሞከሩት። በልክ የተበተነበት ገብስ አማረ።»

«ያልተለካውስ?» አሉ አያ የሺዋስ።

«አንዱ መደብ ላይ አብዝተን ቡቃያው ተቃጠለ። ልክ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያስተማረን እሱ ነው። ክፍለ ጊዜም በልቶብኛል፤ የሒሳቡ መምህር እስከ ዛሬ ተቀይሞኛል።»

ጥፋቷን ብትደብቅ ኖሮ ሽማግሌው እስከ መጨረሻው የሚሰሟት አይመስለኝም።

«እናቴ ግን» አሉ አያ የሺዋስ፣ «‹አመዱን እርሻ ላይ የደፋ የቤቱን እሳት ደፋ› ትል ነበር። በዚህ መንደር አመድ ከጓሮ አያልፍም። እኔም ይህን አልሽርም።»

«ያንን አከብራለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አሁንስ ገብስ የሚያምርልዎ የት ነው?»

«እዚያ፣ ከማሳው ራስ ላይ። የድሮ ቤታችን ፍራሽ ነው። ገብሱ ጉልበት ያህላል። የእናቴ ምርቃት አለበት።»

«እናትዎ አመዱን የሚደፉት የት ነበር?» አለች ዜማ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተክለው ዞር አሉ። ወደ ፍራሹ አዩ። ከዚያ ፈጠን ብለው፣ «የወሬ ብቻ አይሆንም! ያ እንስሳሽ አለ?» አሉ።

መምህርቷ ደብረ ማርቆስ ለመምህራን ልታሳየው የያዘችውን ሊትመስ ወረቀትና ሁለት ብርጭቆ ከቦርሳዋ አወጣች። እኔ የምጠጣውን ውሃ ሰጠሁ። አያ የሺዋስ ብርጭቆዎቹን ነጠቁና፣ «ዞር በሉ! ሁላችሁም ወንዙን እዩ!» ብለው አዘዙን። አንዱን አፈር ከማሳው፣ አንዱን ከፍራሹ ዘግነው መጡ፤ የትኛው ከየት እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ውሃ ጨምረን አማስለን ውሃው እስኪጠልል ጠበቅን። ዜማ ሰማያዊውን ወረቀት በየብርጭቆው ነከረች። አንዱ ቀላ፤ ሌላው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ይሄ ከማሳው፣ ይሄ ከፍራሹ» አለች።

«አጮልቀሻል!»

«በሚካኤል፣ ወንዙን ነበር የማየው! ደምለውን ይጠይቁት።»

«እንደገና!» አሉ። አሁንም ዞርን፣ አሁንም ዘግነው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ፈገግታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ነበር። ሁለቱም ወረቀት ቀላ። ዜማ ግራ ተጋብታ መምህርቷን አየች፤ መምህርቷ ግን ምንም አልረዳቻትም። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ደጋግማ አየችና ድንገት ጮኸች፦ «ሁለቱም ከማሳው ነው! አባባ፣ ሊያታልሉኝ ነው!»

አያ የሺዋስ ዱላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ጠረጉ።

«አያ የሺዋስ፣» አለች መምህርት ሕሊና፣ «ሰምቶ ከማመን በፊት እንዲህ አድርጎ መፈተንን ነው ሳይንስ የምንለው። አሁን የዜማ መምህር እርስዎ ነዎት።»

«የእናቴ ምርቃትስ?»

«ምርቃቱንማ ወረቀት አይለካውም። እርሳቸው ጓሮ የደፉት ነገር ግን ይኸው የልጅ ልጆቻቸውን እያበላ ነው።»

«የእናቴ ጓሮ ዛሬ የእኔ እርሻ ሆኗላ!» አሉ ሽማግሌው። እኔም በልቤ አሰብሁ። ከሌላ ቦታ ኖራ እስኪመጣ የሚጠብቅ መንደር ወንዝ በሞላ ቁጥር ይራባል። የአፈሩን ጠባይ፣ የምንጩን ጤና፣ የደኑን ልክ የሚያውቁ ልጆች ያሉት መንደር ግን፣ ደሴትም ቢሆን በገዛ ጎተራው ይከርማል። መጽሐፉ አይጣል፤ ደጃችን ካለው መሬት ጋር ይነበብ። በእጇ የነካችውን ነገር ዜማ በፈተና ቀን አትረሳውም፤ የአያቷም የዕድሜ ልክ ዕውቀት ከክፍሉ ውጭ አይቀርም።

ውሃው ጎደለ። ገበያተኛው ልብሱን ሰብስቦ መሻገር ጀመረ፤ ከማዶም «አያ የሺዋስ፣ ቶሎ! ችግኙ ያልቃል!» የሚል ድምፅ መጣ። እርሳቸው ግን የአህያቸውን አፍ ወደ መንደር አዞሩና፣ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ፦

«እናንተ ሂዱ! እኔ ችግኝ አልገዛም! ይህ ማሳ ዘንድሮም ገብስ ይዘራበታል፤ ግማሹ በአመድ፣ ግማሹ ያለ አመድ! አመዱን ለክተው የሚበትኑልኝም የዜማ ክፍል ልጆች ናቸው!»